ኮከቡ ለሕንፃው፣ ሻጋታው ለልጆቻችን

በአፉላ ዙሪያ ትናንት ስንዴ ይታጨድበት በነበረው የኢይዝራኤል ሸለቆ መሬት ላይ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ይቆማል። በመሸጫ ቢሮው በር ላይ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚል ጽሑፍና ኮከብ ተለጥፎ የሚያዩ ቤተሰቦች፣ ማሽካንታ ከመፈረማቸው በፊት ትርጉሙን ይጠይቁኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2005 የወጣ 5281 የሚባል ደረጃ፣ በዕብራይስጥ ቴቄን፣ አለ። ከማርች 2022 ጀምሮ ብዙ ቤት ላላቸው አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ግዴታ ሆኗል። ከመቶ 55 ነጥብ ያገኘ ሕንፃ አንድ ኮከብ ይሰጠዋል፤ ትልቁ አምስት ኮከብ ነው። መርማሪዎቹ ግድግዳው ብርድና ሙቀት መከላከሉን፣ የውሃ ቁጠባውን፣ የግንባታው ፍርስራሽ የት እንደሚጣል ያያሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ በጥር ብርድ የመብራት ሂሳብ የከፈለ ሰው ጥቅሙን አያጣውም።

ቅሬታዬ ባልተጠየቀው ነገር ላይ ነው። ምርመራው ፕላኑን ያያል፣ ግንባታው ሲያልቅም ያያል፤ ሰባት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከገባ በኋላ ግን ተመልሶ አይመጣም። እስቲ ምጣዱን እናንሳ። ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ በሆነበት አፓርታማ የእንጀራው እንፋሎት ወዴት ይሂድ? ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በየአዲሱ ቤት የሚሠራው ማማድ ደግሞ በብዙ ቤት የልጆች መኝታ ነው። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ መስኮቱ ብረት ነው። ክረምት ላይ ተዘግቶ ሲያድር ግድግዳው ያልበዋል፣ ሻጋታ ያወጣል። እናቶች በኤኮኖሚካ ሲፈገፍጉት አይቻለሁ። ለዚህ ድካም ነጥብ የሚይዝ ሰው የለም።

ከሕንፃው ወጥተን ስለ ሰፈሩ ብንጠይቅ ደግሞ የባሰ ነው። ታስኪር የሚባለው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት በ2003 ደንብ መሠረት ለኃይል ማመንጫ፣ ለወደብ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ ግዴታ ነው። ለመኖሪያ ሰፈር ግን የፕላን ኮሚቴው ካልጠየቀ አይሠራም። አገር ቤት በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 እንኳ ጉዳቱ የሚደርስበት ሕዝብ አስተያየት በጥናቱ እንዲገባ ያዛል። በኮንዶሚኒየሙ የፍሳሽ ጣጣ የተማረረ ዘመድ አዲስ አበባ ያለው ሰው «ታዲያ ምን ፈየደ?» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም ጥያቄው ሕግ ላይ ሰፍሯል።

እዚህ ያለን በር ሂትናግዱት፣ ማለትም ተቃውሞ ነው። ፕላን ለሕዝብ ሲቀርብ 60 ቀን ይሰጣል። ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ መግባት አለበት። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፣ በቦታውም ሰሌዳ ይተከላል፤ ቋንቋው አብዛኛውን ጊዜ ዕብራይስጥ ነው። ገና ኡልፓን የሚማር አባት በሰሌዳው ሥር አልፎ ሥራው ይሄዳል፤ 60 ቀኑም ያልፋል።

እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያያችሁ የፕላኑን ቁጥርና የወጣበትን ቀን ጽፋችሁ ወደ ማኅበሩ አምጡ፤ አብረን እናነበዋለን።