ለጆሮ የተሠራ መድረክ

የሸክላ አልበም መጋረጃ ነበረው። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ አድማጩ ተነሥቶ ሸክላውን ይገለብጣል፤ በዚያች መሐል ክፍሉ ጭር ይላል። እንግሊዛዊቷ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ኬት ቡሽ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው «ሃውንድስ ኦቭ ላቭ» ያችን ጭርታ በሚገባ ተጠቅማባታለች። የፊተኛው ገጽ ለየብቻ በሬዲዮ ሊሰሙ የሚችሉ አምስት ዘፈኖች አሉት። የኋለኛው ገጽ ሰባት ዘፈን ቢኖረውም ታሪኩ አንድ ነው፤ ስሙም «ዘጠነኛው ማዕበል»።

ታሪኩ ቢነገር ሁለት መስመር አይሞላም። አንዲት ሴት በሌሊት ባሕር ላይ ብቻዋን ተንሳፍፋለች። በመንሳፈፊያ ሰደርያዋ ላይ ትንሽ መብራት አለች። ከተኛች ትሰምጣለችና እንቅልፍን ትታገላለች። ከየትኛው መርከብ ወደቀች? እንዴት? አይነገረንም። ተውኔት ጸሐፊ ይህን ቢያነብ ወረቀቱን የሚመልስ ይመስለኛል፤ ገጸ ባሕርይዋ አትንቀሳቀስም፣ የሚያናግራት ሰው የለም፣ ቦታው ጨለማ ነው። እኔ ግን ሥራውን ቴአትር ያደረገው ይኸው፣ ዐይን ሊያየው የማይችለውን መምረጡ ነው እላለሁ።

ደራሲዋ መድረክ የማታውቅ ሰው አልነበረችም። በወጣትነቷ ከዳንሰኛው ሊንዚ ኬምፕ ዘንድ እንቅስቃሴና ማይም (ያለ ቃል የሚደረግ ትወና) ተምራለች። በ1979 ባደረገችው የሙዚቃ ጉዞ እየዘፈነች መደነስ እንድትችል ከኮት መስቀያ ሽቦ በተሠራ ማቀፊያ ማይክሮፎን ራሷ ላይ ተገጥሞላት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ ጉዞ አልተመለሰችም። የ1982ቱ አልበሟ «ዘ ድሪሚንግ» ብዙ ሰው ግራ ካጋባ በኋላ በቤተሰቧ ግቢ የራሷን ስቱዲዮ አሠራች። የኪራይ ሰዓት የማይቆጠርበት ክፍልና ፌርላይት የተባለው፣ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በቁልፍ የሚያጫውት ኮምፒውተር የተዋንያን ቡድን ሆኑላት።

ይህ ቡድን ምን እንደሚችል «ጠንቋይዋን መቀስቀስ» ውስጥ ይሰማል። መጀመሪያ ብዙ ድምፆች በለሰለሰ አንደበት ተነሺ ይሏታል። ወዲያው የእርሷ ድምፅ ውሃ አፉን እንደሞላው ሰው እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ቀጥሎ የአንድ ከሳሽ ሻካራ ድምፅ። ሰምጣ ልትሞት የደረሰችው ሴት ሳታስበው ችሎት ፊት ቆማለች። እዚህ ላይ የአውሮፓን የጠንቋይ ምርመራ ማስታወስ ያሻል፦ ተጠርጣሪዋ ታስራ ውሃ ውስጥ ትጣላለች፤ ከሰመጠች ንጹሕ ናት፣ ከተንሳፈፈች ጥፋተኛ። እንግዲህ ይህች ሴት ሌሊቱን ሙሉ ያደረገችው መንሳፈፍ ነው። ነፍሷን ያቆየላት ሰደርያ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባት። ዘፈኑ ይህን ምጸት አያብራራውም፤ ድምፆቹን ደራርቦ ያልፋል፣ በመጨረሻም ሄሊኮፕተር ይሰማል።

ቀጣዩ ዘፈን ከዚህም ይረቅቃል። ሴትየዋ በመንፈስ ቤቷ ገብታለች፤ እየጠበቃት ያለው ሰው ግን አያያትም። እስካሁን በእርሷ ጆሮ ስንሰማ ነበር፤ አሁን ቃሏ ይኮላተፋል፣ ይገለበጣል፣ ልንረዳው እየታገልን ያመልጠናል። ደራሲዋ ሳታስታውቀን ከባሕሩ አንሥታ ቤት ከሚጠብቁት ጋር አስቀምጣናለች። በሬዲዮ ተውኔት ያደገ ጆሮ የዚህን ብልሃት ዋጋ ያውቃል።

ስለ «የሕይወት ጂግ» ብዙ አልልም። የአየርላንድ ሙዚቀኞቹ ግሩም ናቸው፣ የወደፊት ማንነቷ መጥታ የመኖር መብቷን መጠየቋም ብርቱ ሐሳብ ነው፤ ወንድሟ ጆን ካርደር ቡሽ የሚያነበው ግጥም ግን ዜማው ብቻውን የቻለውን ነገር በቃል ይደግመዋል። በ«ሄሎ ኧርዝ» ግን ተቃራኒውን አድርጋለች። ዘፈኑ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ እዚያ «ጺንጽካሮ» የተባለው የጆርጂያ ባህላዊ ዜማ በኅብረ ድምፅ ይገባል። ቋንቋውን የሚያውቅ አድማጭ ጥቂት ነው። ምድርን ከላይ ለምታይ፣ ልትለያት ለተቃረበች ነፍስ ከዚህ የሚስማማ ንግግር አይገኝም።

በ2014 ይህ ሁሉ ለንደን፣ ሃመርስሚዝ አፖሎ፣ 22 ምሽት መድረክ ላይ ወጣ። ኬት ቡሽ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ሆና ስትዘፍን የተቀረጸ ፊልም ይታይ ነበር፤ ዓሣ መሰል ፍጡራን ተሸክመዋት በተመልካቹ መሐል አለፉ። ደራሲው ዴቪድ ሚቸል ከእርሷ ጋር በጻፈው ንግግር ደግሞ አባትና ልጅ ሳሎን ተቀምጠው ስለ እራት ያወራሉ። ገንዳው ተገቢ ነው፤ ብርዱ ድምፁ ላይ ይሰማል። ሳሎኑ ግን የሚጎዳ ይመስለኛል፦ ሸክላው ላይ ማንም ሊሆን የሚችለው ጠባቂ አሁን ፊት፣ ሶፋና ቀልድ አገኘ። አድማጭ የየራሱን ቤት ያስቀመጠበት ቦታ በአንድ ቤት ተያዘ።

«ዘጠነኛው ማዕበል» የሚለው ርዕስ የተወሰደው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቴኒሰን ስለ ንጉሥ አርተር ከጻፈው ግጥም ነው፤ በዚያ ታሪክ ዘጠነኛው ማዕበል ሕፃን ይዞ ወደ ዳር ይመጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዘፈን፣ «የማለዳ ጉም»ን፣ እንደ መዳን ብቻ መስማት ያንሳል፤ ሴትየዋ እንደ አዲስ የተወለደች ያህል የምትወዳቸውን እየጠራች ትመጣለች። በየትኛው ጀልባ፣ በማን እጅ እንደወጣች እዚህም አይነገርም። ጊታሩ ጥቂት ይጫወትና መርፌው ወደ ሸክላው መሐል ይንሸራተታል።