የኅዳር ወንዝ

ወንዝ ለመንደፍ ክረምት አይመችም። ትንሹ አቃቂ በሐምሌ ከወጨጫ በኩል ጭቃና ድንጋይ እየገፋ ሲወርድ እጅ አይደርስበትም። ፈረንጆች «የክረምት ወንዝ» ብለው የሚስሉት ውርጭ ያሰረውን፣ ዝም ያለውን ውኃ ነው። እኛ ዘንድ ያ ዝምታ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ኮልፌ ቀራኒዮ ላይ የኅዳር ጠዋት ሲበርድና ውኃው ሳስቶ በድንጋዮቹ መሃል ሲሰበሰብ።

በኅዳር 2014 የነደፍኩት አንድ ወረቀት አለኝ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ሰፈራችን ማታ ማታ ሮንድ ይወጣ ነበር። የእህቴ ልጅ ግንባር ነበር፤ ድምፁን ከሰማን ሦስት ሳምንት አልፎን ነበር። ወረቀት ይዞ ወንዝ ዳር መቀመጥ ስለሚያስጠረጥር ከጎረቤታችን ከእማማ ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ሆኜ ነደፍኩ። እማማ ቡና ይዘውልኝ መጡና ቆመው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው እያለቀ ውኃ ትስላለህ?»

መልስ አልነበረኝም። የእኛ የጦርነት ሥዕል ሰው የሞላበት ነው። በዓድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ ይወርዳል፤ ወገን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ ጠላት በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። መሬቱ መቆሚያ ነው። ይህን ወግ እወደዋለሁ፤ የሥዕልን ሀሁ የቆጠርኩበት ነው። በዚያች ጠዋት ግን አንድ ዓይን የምስልለት ሰው አጣሁ። በሁለቱም ወገን የነበሩት የእኛው ልጆች ናቸው፤ የሁሉም ዓይን ሁለት ነው። ስለዚህ ወንዙን ነደፍኩ።

ውኃ ራሱ አይነደፍም። ዳርና ዳሩ ይነደፋል፣ የድንጋዩ ጥላ ይነደፋል፤ ውኃው ከሰል ያልነካው ወረቀት ነው። ከሰሌን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ፤ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ቆርቆሮ ውስጥ አፍኜ አከስላለሁ። ጥላውን በጣቴ አሻለሁ፤ የበዛውን ደግሞ በለስላሳው የዳቦ ውስጠኛ ክፍል ጫን እያደረግሁ አነሳለሁ። ላጲስ ወረቀቱን ያቆስለዋል።

የእህቴ ልጅ ታኅሣሥ ላይ ደወለ። ከዚያ በኋላ ነው ያን ንድፍ ከሌሎች ዓመታት ንድፎቼ ጎን የደረደርኩት። ውኃው ያው ዝም ያለ ውኃ ነው። የቀኙ ዳር መስመር ግን ከልክ በላይ ጠቁሯል፤ ከሰሉ ሲሰበርበት ወረቀቱን አጎድጉዶታል። እጄ እንደዚያ መጫኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ተማሪ ቢያመጣልኝ «አሳሳው» እለዋለሁ።

ዳቦ ቆርሼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።