የመስኮት ዋጋ፦ ከዴንቨር እስከ ሞአብ በባለመስታወት ባቡር

በኮሎራዶ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ባቡር ሲያልፍ ጀርባቸውን ያዞሩና ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው መቀመጫቸውን ያሳያሉ። እኔም አየሁ። ጣሪያው ድረስ መስታወት በሆነ ፉርጎ ውስጥ የወይን ብርጭቆ ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት ጡረተኛ ባልና ሚስት ሳቁ፣ አስተናጋጇ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን በሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ ከመስታወቱ ውጭ ያለው ዓለም መልስ የሰጠን ያኔ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ታየልን።

ይህ የጉዞ ማስታወሻ አይደለም። ጉዞውን ልክ እንደ ፊልም ወይም እንደ ልብወለድ ልሄሰው ነው የፈለግሁት። የቅንጦት ባቡር እኮ ድርሰት ነው። መነሻና መድረሻ አለው፣ ተራኪ አለው፣ ተመርጦ የገባና ተቆርጦ የወጣ ትዕይንት አለው።

መጀመሪያ ስለ አወቃቀሩ። ከዴንቨር ሞአብ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ ባቡር ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ሌሊት አይጓዝም። ማታ ግሌንውድ ስፕሪንግስ የምትባል የፍልውኃ ከተማ ላይ ወርደን ሆቴል እናድራለን፤ ጨለማ አይሸጥማ። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ቆጥቤ ነው የገዛሁት፣ ስለዚህ ትችቴን በነፃ እንደተጋበዘ ሰው አትቁጠሩብኝ።

ድርሰቱ ጎበዝ ነው፤ ይህን ካልመሰከርኩ ውሸታም ነኝ። ከዴንቨር ሜዳ ተነስተን ተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዝን ወጣን፤ አጫጭር ዋሻዎች አንዱን ትዕይንት ዘግተው ሌላውን ይከፍታሉ። ከዚያ የሞፋት ዋሻ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1928 ለባቡር የተከፈተ፣ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የአህጉሩን የውኃ ክፋይ ከሥሩ የሚበሳ ዋሻ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ጨለማ። ስትወጡ ሌላ አገር ነው፤ ከኋላችሁ የቀረው ውኃ ወደ አትላንቲክ ይወርዳል፣ ከፊታችሁ ያለው ወደ ፓሲፊክ። እንዲህ ያለ የምዕራፍ ሽግግር ያለው ልብወለድ ብዙ አላነበብኩም።

በሁለተኛው ቀን አረንጓዴው እየሳሳ፣ ቀዩ እየወፈረ ይሄዳል። ሩቢ ካንየን ላይ ቀይ ገደል ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተቀብቶ፣ ከግራና ከቀኙ ኮሎራዶ እና ዩታ የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲያ በረሃ። አፍ ያስከፍታል። አንዳንዴ ውበት ላይ ነቀፋ መፈለግ ራሱ ሕመም ነው ብዬ ዝም ልል ነበር።

ዝም ያላስባለኝ የጣሪያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሳይረስ ኦስቦርን የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ኃላፊ በዚሁ መስመር፣ ግሌንውድ ካንየን ውስጥ፣ ሎኮሞቲቩ ላይ ከነጂዎቹ ጋር ተሳፍሮ ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ በጎን መስኮት ቁራሽ ገደል ሲያይ፣ ነጂዎቹ ሸለቆውን በሙሉ እንደሚያዩ ታወቀው። ሰው ለዚህ እይታ ይከፍላል ብሎ አሰበ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ የመስታወት ጉልላት ያለው የመጀመሪያው ፉርጎ ሐዲድ ላይ ወጣ። እንግዲህ ዛሬ በውድ የምንገዛው መስኮት በመጀመሪያ የሠራተኛ መስኮት ነበር ማለት ነው። ባቡሩን የሚነዳው ሰው በየቀኑ፣ ያውም እየተከፈለው ያየው ነበር።

ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ለጋቢና መክፈል ያልቻለ ሰው የት ነው የሚሳፈረው? አይሱዙው ጭነት ላይ። ጋቢና ያለው ሰው ጎማና አስፋልት ሲያይ፣ እህል ጆንያ ላይ የተቀመጠው ተራራውንም ሰማዩንም በሙሉ ያያል። ነፋሱ ፊቱን ይገርፈዋል፣ አቧራው ጥርሱ ውስጥ ይገባል፣ መኪናው ቢገለበጥ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው፤ እይታው ግን ጣሪያ የለውም። የቅንጦት ባቡሩ የሠራው ነገር ቢኖር ጭነት ላይ መሳፈርን ከነፋሱ፣ ከአቧራውና ከአደጋው አጥቦ ማቅረብ ነው።

ማጠቡን አልጠላሁትም፤ ወንበሩ ተመችቶኛል። ጥያቄዬ ከአቧራው ጋር አብሮ ምን ታጠበ የሚል ነው።

ተራኪዎቹ ደጎች ናቸው፤ ድምፃቸው ጥሩ፣ ቀልዳቸው በልክ። ቅርጹ ግን ያስራቸዋል። እያንዳንዱ ታሪክ በሁለት ጉርሻ መሃል ማለቅ አለበት። ስለዚህ የዩት ሕዝብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም «በጥንት ጊዜ እዚህ ይኖሩ ነበር» በሚል ዓይነት ያልፋል። ጥንት አይደለም። ዩቶች ከምዕራብ ኮሎራዶ ተገፍተው ወደ ዩታ የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። በሁለተኛው ቀን የምናልፋት ግራንድ ጀንክሽን የተቆረቆረችውም እዚያው 1881 ላይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከተማዋን በተለየ ዓይን ታያላችሁ። ዩቶችም አልጠፉም፤ ዛሬም በዩታና በኮሎራዶ አሉ።

ወደ ሞአብ ስንቃረብ ደግሞ ከዋናው መስመር ወጥተን ወደ ደቡብ የሚታጠፍ ሐዲድ ያዝን። ይህ ሐዲድ ለእይታ አልተሠራም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖታሽ ለማውጣት ነው የተዘረጋው። ሞአብ በ1950ዎቹ የዩራኒየም ከተማ ነበረች። የማዕድን ፋብሪካው ሲዘጋ 16 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሚሆን ጨረራማ ዝቃጭ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ተከምሮ ቀረ። መንግሥት ያንን ክምር ከ2009 ጀምሮ በኮንቴይነር እየጫነ ወደ ክሬሰንት ጀንክሽን ሲያመላልስ የኖረው በምን ይመስላችኋል? በባቡር፣ በዚሁ ሐዲድ። እኛ ወደ ሞአብ ለመዝናናት የምንወርድበት መንገድ የሞአብ መርዝ ሲወጣበት የኖረ መንገድ ነው።

ይህን በጉዞው ላይ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ቤት ገብቼ ሳነብ ነው ያገኘሁት።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «አንቺ ደሞ! ሰው ሺህ ዶላር ከፍሎ ስለ ዩራኒየም ሊሰማ ነው እንዴ የሚሄደው?» እውነት ነው፤ ተሳፋሪው በጥፋተኝነት ይንገብገብ አላልኩም። ነቀፋዬ ግብረገባዊ ከመሆኑ በፊት የድርሰት ነቀፋ ነው። ሰው የሌለበት ገደል ውሎ አድሮ የግድግዳ ወረቀት ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግማሹ ፉርጎ አንቀላፍቶ ነበር፤ እኔም ጭምር። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ውብ ቦታዎች በአንዱ እያለፍን! እንቅልፉ ከወይኑ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ግጭት የሌለው ታሪክ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያስተኛል። ያ ጨረራማ ክምር ቢነገረን ኖሮ ሁላችንም ቀና ብለን መስኮቱን እናይ ነበር።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ግሌንውድ ካንየን ውስጥ ሐዲዱ በወንዙ በአንድ በኩል፣ አይ-ሰባ የሚባለው አውራ ጎዳና በሌላ በኩል ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እሱ በዚያ መንገድ ዓመታት ተመላልሷል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከመስታወቱ ሥር ሆኜ ገደሉን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ማታ ሲያርፍ መለሰልኝ፦ «ዋው። ይሄ የት ነው?»

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አልሳቅሁም። በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ያለፈበትን ቦታ አላወቀውም። ከተሳፋሪ ሁሉ የሚበልጥ ሰፊ የፊት መስታወት አለው፣ ግን ዓይኑን ከአስፋልቱ ቢነቅል ሰው ይገድላል። ያኔ የኦስቦርን ነገር ግማሽ እውነት መሆኑ ገባኝ። መስኮት ብቻውን ምንም አይደለም። ባቡሩ የሸጠልኝ መስታወት ሳይሆን ፋታ ነው፤ ሌላ ሰው እየነዳ፣ ሌላ ሰው እየቀዳ፣ እኔ ቀና ብዬ የማይበት ፋታ። ውዱም እሱ ነው።

በበጋው መጨረሻ ለሁለታችን ካሊፎርኒያ ዜፊርን ቆረጥኩ። ከቺካጎ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ የሚሄድ ተራ የሕዝብ ባቡር ነው፤ ከዴንቨር እስከ በረሃው ድረስ በዚያው ሐዲድ፣ በዚያው ዋሻ፣ በዚያው ካንየን ያልፋል። እስከ ግራንድ ጀንክሽን ያለው ወንበር ከመቶ ዶላር በታች ሊገኝ ይችላል። የወል መመልከቻ ፉርጎም አለው፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። ተማሪዎች፣ ካርታ የሚጫወቱ ጎረምሶች፣ ነጠላ የሚመስል ነገር ራሷ ላይ ያሰረች አሚሽ እናት ከነልጆቿ ነበሩ። ተራኪ አልነበረንም።

ወንድሜ ከሞፋት ዋሻ በፊት እንቅልፍ ወሰደው፤ አልቀሰቀስኩትም። ግሌንውድ ካንየን መሃል ላይ ነቃ። ገደሉን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ዓይኑ ወዲያው ወንዙን ተሻግሮ መንገዱ ላይ አረፈ።

«አንቺ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው» አለኝ። «በ2020 ያ ሁሉ ተራራ ተቃጠለ። በዓመቱ ዝናብ ሲመጣ የሚይዘው ሥር የለም፣ ጭቃና ድንጋዩ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። ሁለት ሳምንት በላይ በስቲምቦት በኩል ነው የዞርነው። ያቺን መታጠፊያ አየሻት? በረዶ ሲሆን እዚያ ጋ ነው የምጸልየው።»

ጣቱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ካንየኑ እስኪያልቅ አወራኝ። ከኋላችን ያሉት ጎረምሶች ካርታቸውን አቁመው፣ ቋንቋው ባይገባቸውም፣ ጣቱ ወደሚያሳየው ቦታ ያዩ ነበር።