የባሻ ስፌት

የሰፈራችን እድር አሮጌ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ሌላው ለቀስተኛ ወንበር ሲፈልግ እኔ ቀና ብዬ ስፌት እፈልጋለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከመሃሉ ምሰሶ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጣራው ላይ፣ ባሻ የጣፉት የትሪ ስፋት ያለው እራፊ አለ። ፀሐይ ስታርፍበት ከቀረው ሸራ ጠቆር ይላል እንጂ ጠርዙን ለማግኘት ዓይን ይደክማል።

ሌላ ሰው ቢጥፈው ባለ አራት ማዕዘን ያደርገው ነበር፤ ማዕዘኑም በሁለት ክረምት ይነሣና ነፋስ ይገባበታል። ባሻ ግን ጥጎቹን በሳንቲም ዙሪያ በጠመኔ አዙረው ከበው ቆርጠዋቸዋል። የእራፊው ድርና ማግ ከድንኳኑ ድርና ማግ ጋር ገጥሟል፤ ሸራው ሲረጥብም ሲደርቅም ሁለቱ አብረው ይሰበሰባሉ፣ አብረው ይላላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጎትትም። ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ አንድም የተፈታ ክር አይታይም።

አንድ ቀን ሸራውን ወጥሬ ይዤላቸው ነበር። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ይሰካሉ። አንዱ ከላይ ሲወርድ ሌላው በዚያው ቀዳዳ ከታች ይወጣል፤ ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው እኩል ይስባሉ። በመኪና የተሰፋ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ይተረተራል፤ የእሳቸው አንዱ ክር ቢበጠስ ሁለተኛው ይዞ ይቆያል። እኔም እስቲ ልሞክር ብዬ ጎበዝ ለመምሰል ስፌቱን አቀራረብኩት።

«ተው ልጄ፣ ቴምብር አታድርገው» አሉኝ። ቀዳዳ የተደረደረበት ሸራ እንደ ቴምብር በመስመሩ ይገነጠላላ!

ክሩን የሚያዘጋጁት ባለቤታቸው፣ እማማ፣ ነበሩ። የጡጫ ያህል የንብ ሰም ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ክሩን ሦስት አራት ጊዜ ይስቡበታል። ሰም የጠጣ ክር ሸራው ሲፈትገው አይሞሸልቅም፤ ውሃም በመርፌው ቀዳዳ ተከትሎት አይገባም። ዓመት ሲጫን የባሻ ዓይን መርፌ ማየት ሲያቅተው ክር ማስገባቱም የእማማ ሥራ ሆነ። ስለ ስፌቱ ሳመሰግናቸው ባሻ በአገጫቸው ወደ እሳቸው ያመለክቱ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻም በዚያው ክር፣ በዚያው ባለ ሁለት መርፌ ስፌት ነበር የሚጠገነው። ከድንኳኑ አሳንሰው አያዩትም ነበር።

ባሻ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። በአባ ቃኘው፣ በራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ የተጠራው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ እየተተካካ ሲዘምት እሳቸውም ተራቸው ደርሶ ሄደዋል። ከሻለቃው አንድም ሰው አልተማረከም ተብሎ ሲወራ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉ ነበር፤ የእሳቸው ወሬ ብርዱ ነበር። በረዶ የተኛበት ድንኳን የሚቀደደው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ መሆኑን እዚያ ነው ያዩት። ደስ ሲላቸው ደግሞ የቃኘው ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ለወላጅ አልባ ልጆች ስላቋቋሙት ማሳደጊያ ያነሡ ነበር። ሜዳሊያቸውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

የእድሩ ዳኛ የእጅ ዋጋ ሊቆርጡላቸው ሞክረው ነበር። ባሻ የክሩን ደረሰኝ ብቻ ለገንዘብ ያዡ ሰጡ፤ ሳንቲሟ ሳትቀር። (እንዲህ ያለው ሰው ለጸሐፊ ራስ ምታት ነው፤ በየትኛው መዝገብ ይገባል?) ዝናብ ሲጥል ግን ማንም ሳይጠራቸው ካፖርታቸውን ደርበው ይመጡና የረጠበው ገመድ ተኮማትሮ ካስማውን እንዳይነቅል አንድ በአንድ ያላሉት ነበር።

አንድ እንከን አለው ድንኳኑ። ከበሩ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋው ስፌት ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ መስመሩም ወደ ቀኝ ይሸሻል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር።

«ጡሩንባ ነፊው በር ላይ ቆሞ ነበር» አሉኝ። አልፈቱትም። ይዟል።

ባሻም እማማም ካረፉ በኋላ እድሩ ባለ ብረት ድንኳን ገዛ። አሮጌው የሚወጣው ለቀስተኛ ሲበዛ ብቻ ነው። ሰሙ የልጅ ልጃቸው ጋ አለ፤ ክር የቆረጠው ቦይ ዙሪያውን እንደ ወይራ ቅርፊት አሸብሽቦታል። ባለፈው ሳምንት የቦርሳዋ ዚፕ አልንሸራተት ሲላት አውጥታ አሸችው፤ ዚፑም ተዘጋ።