የእሳት ፓምፕ ኤቲኤስ አይጋራም

አዲስ የተቀጠረች መሐንዲስ «ሕንጻው ትልቅ ጄኔሬተርና ዋና ኤቲኤስ (ኃይልን ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር በራሱ የሚያዛውር መሣሪያ) እያለው፣ ለእሳት ፓምፑ ሌላ ኤቲኤስ ለምን ይገዛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለንብረትም ወጪ ሲቀንስ እጁ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ አይጋራም።

እሳት ሲነሳ የሕንጻው መብራት ሆን ተብሎ ይቆረጣል። ፓምፑ ከዋናው ብሬከር ሥር ከሆነ አብሮ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ቢነሳም ሊፍትና ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ሳለ ፓምፑ ሲነሳ የሙሉ ጭነቱን ስድስት እጥፍ ያህል ኮረንት ይስባል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል። የአሜሪካው የእሳት ፓምፕ ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 20፣ ሁለተኛ የኃይል ምንጭ ላለው ለእያንዳንዱ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ለዚሁ ሥራ የተፈተሸ የራሱ ኤቲኤስ በፓምፕ ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር ያዛል። ሞተሩ ሲነሳም በመቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ ቮልቴጁ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይወርድ ይከለክላል።

«ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ የሚያጠፋው መከላከያ) ካልገባለት ሞተሩ ይቃጠላል» የሚሉኝ ጎበዝ ኤሌክትሪሻኖች አሉ። እኔም ሙያውን የጀመርኩት ሞተር እያዳንኩ ነው፤ የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ያለ ኦቨርሎድ የሚያስነሳ ሰው ሳይ ዛሬም ያናድደኛል። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከመብራት ኃይል በኩል የሚመጣው መስመር ብሬከር፣ ሞተሩ መዞር አቅቶት ቢቆም እንኳ የሚስበውን ኮረንት ያለ ገደብ መሸከም አለበት። ሞተሩ ይቃጠል፤ ደረጃ ላይ ያሉት ሰዎች ይውረዱ።

ሁለት መስመር መኖሩ ብቻ አያኮራም። በ1991 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ ባለ 38 ፎቁ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ ሲቃጠል፣ ዋናውና ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመር በአንድ መተላለፊያ ስለወጡ ሁለቱም ተበላሹ። ጄኔሬተሩም አልሠራም። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እሳቱን 30ኛው ፎቅ ላይ ያቆሙት ስፕሪንክለሮች ውኃ ያገኙት ከእሳት አደጋ መኪኖች ነበር። ስለዚህ፣ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሲቀርብልኝ ከብሬከሩ መጠን በፊት የማየው ኬብሎቹ በየት በየት እንደሚያልፉ ነው።

የሠራኋቸው ፓምፖች እሳት ሲያጠፉ አይቼ አላውቅም፤ ባላይም ደስ ይለኛል። ሌላው ሥራዬ በየቀኑ ይታያል፤ አምፖሉ ይበራል፣ ሊፍቱ ይወጣል። ይኼኛው ግን ማንም ሳያመሰግነው ምድር ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። ማታ በየፎቁ መብራት በርቶ ሳይ፣ እዚያ የተኙትን ሰዎች ባላውቃቸውም በኔ እጅ እንዳሉ ይሰማኛል። በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ ያቆየኝም ይኸው ነው።

ሕንጻ የምትረከቡ ሁሉ፣ አዝራር ተጭኖ ፓምፑ ስለተነሳ ብቻ አትፈርሙ። ፓምፑ በሙሉ ጭነት ውኃ እየገፋ ሳለ የመብራት ኃይሉን መስመር አስቆርጡ፤ በጄኔሬተር ሥራውን መቀጠሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ፈርሙ።