ችሮታ ወይስ ውል? የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት በሠራተኛ ማኅበር ዐይን

«ማኅበራዊ ኃላፊነት» በኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በተተከለ ችግኝና በታደሰ ትምህርት ቤት ነው። ሠራተኛ ማኅበር ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ኩባንያው ቃሉን ቢያጥፍ ማን ይጠይቀዋል? የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ ጠያቂ የሌለው ኃላፊነት ከችሮታ አያልፍም የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፋብሪካው ኤስኤ 8000 የተሰኘውን የማኅበራዊ ተጠያቂነት የምስክር ወረቀት ካገኘ ገና ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው ነበር። በሚያዝያ 2013 ደግሞ ዳካ አጠገብ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የነበሩበት ባለ ስምንት ፎቁ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ሕንፃው መሰንጠቁ በዋዜማው ታውቆ ነበር። በታችኛው ፎቅ ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ። በሕንፃው ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዱም ሠራተኛ ማኅበር አልነበረውም። ስንጥቁን ለማየት ባለሙያ አላስፈለገም፤ የጠፋው «አንገባም» ብሎ ደመወዙን ሳያጣ መቆም የሚችል የተደራጀ ኃይል ነው። ለአንድ ሁለት ቀን መጥቶ የሚሄድ ኦዲተር ይህን ሊተካ አይችልም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ኢንደስትሪኦልና ዩኒ የተባሉት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽኖች ከልብስ ገዢ ኩባንያዎች ጋር የባንግላዴሽ የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነትን ፈረሙ። ፈራሚዎቹ ኋላ ከ200 በላይ ደረሱ። በስምምነቱ መሠረት የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ይሆን ነበር፤ ሠራተኛው አደገኛ ሥራን እንቢ የማለት መብት ነበረው፤ ያላከበረ ኩባንያም በግልግል ዳኝነት ይጠየቅ ነበር። ዛቻው የወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ማኅበራቱ ሄግ ድረስ ከወሰዷቸው ክሶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በ2.3 ሚሊዮን ዶላር እርቅ ተቋጭቷል። ቸርቻሪዎቹ ዋልማርትና ጋፕ በበኩላቸው ማኅበራት ያልፈረሙበትን የራሳቸውን ጥምረት መሠረቱ። ልዩነቱ በምሕንድስና መስፈርቱ ላይ ሳይሆን በፊርማው ላይ ነበር።

ስምምነቱም ገደብ ነበረው፤ ደኅንነትን እንጂ ደመወዝን አይነካም ነበር። ይህ ገደብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እንደ ሐዋሳ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች የተመረተ ልብስ የሚገዙ ኩባንያዎች የሥነ ምግባር ደንባቸው ባብዛኛው «በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ወይም የዘርፉ ልማድ ይከበር» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ቢደነግግም፣ የግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይቆረጥለት ዓመታት አልፈዋል። ወለሉ በሌለበት ደንቡ የሚያስከብረው ልማዱን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ክፍያ ራሱን ነው። ኩባንያው ደንቡን ሳይጥስ ሠራተኛው የቤት ኪራይ መክፈል ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴይ ለመንግሥት የሚያቀርበው የደመወዝ ወለል ጥያቄ ለገዢዎቹም ሊቀርብ ይገባል፤ የሚገዙበት ዋጋ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ለመክፈል እንዲያስችል በኅብረት ስምምነት ይፈርሙ። የማይፈርም ኩባንያ ክሊኒክ ቢሠራ ምስጋና ይገባዋል፤ ኃላፊነቱን ተወጣ ግን አይባልም።