ኳሱን ማን መረጠው?

ባለፈው ወር ሦስት መምህራንና አንዲት ተማሪ ሆነን ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን ነበር። ለተማሪዎች አመራርና እንቅስቃሴ ክፍለ ጊዜ በተመደበው 12,000 ፍራንክ ዕቃ ልንገዛ ነው የሄድነው። ሁለት የእግር ኳስ ገዝተን፣ በፌስታል አንጠልጥለን፣ ሜኔሊክ አደባባይ ከቅስቶቹ ጥላ ሥር አረፍ አልን። (አደባባዩ ከነጻነት ወዲህ በጅቡቲ የነጻነት ቀን፣ በጁን 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ስም ተሰይሟል፤ ሰዉ ግን ዛሬም ሜኔሊክ ነው የሚለው።)

ሻይ እስኪመጣ ተማሪዋ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ አንድ ገጽ ገለጠችልን። «መምህር፣ እኛ የወሰንነው እኮ የቮሊቦል መረብ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ሴቶቹም እንዲጫወቱ ተብሎ በድምፅ ብልጫ መወሰኑ ከነቁጥሩ ተጽፏል። እሷ የመረጥናት ሳትሆን ተማሪዎቹ የመረጧት ሊቀመንበር ናት። ቃለ ጉባኤ መያዝንም ያስተማርናት እኛው ነን። ግን ከመግዛታችን በፊት ገልጦ ያየው ማንም የለም። ወንዶቹ ኳስ ኳስ ሲሉ ስለሰማን ኳስ ገዛን፣ በቃ።

ይህ ሂስ እንግዲህ የሚጀምረው ከራሳችን ነው። የምናስተምርበት ጽሑፍ መጥፎ አይደለም። የጥሩ መሪ ባሕርያትን ይዘረዝራል፤ ታማኝነት፣ አርቆ አሳቢነት፣ ሌላም ሌላም። ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና «አምስቱን ጻፍ» ሲባል ይጽፋል፤ ያልፋል። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ተማሪዎች ወስነው የተፈጸመ ነገር ስንት ነው ብለን ስንቆጥር አንድም አጣን። የመማክርቱ ሥራ ሰልፍ ማስያዝ፣ ጠመኔ ማምጣት፣ እንግዳ ሲመጣ ፊት ቆሞ ማጨብጨብ ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለናል። ለብዙዎቻችን የክፍል አለቃ ማለት መምህሩ ሲወጣ የሚያወሩትን ልጆች ስም ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» ጎበዙን ተማሪ አስጠኚ አደረገው፤ መጠናናቱ ደግ ነበር፣ ሪፖርቱ ግን ወደ ላይ ነበር የሚሄደው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ብዙ አይተው ተመልሰዋል፤ ይሂዱ ብሎ የወሰነው ግን ደርግ ነበር።

በአንጻሩ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአመራር ኮርስ አልወሰዱም። የተማሩት በክርክር መድረክ፣ በራሳቸው ጋዜጣና በማኅበራቸው ምርጫ ነው፤ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም። ነገሩን ግን እንደ ተረት ማሞገስ አይገባንም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገድሏል። እዚህ ካምፕ ያለ ወላጅም ልጁ «መሪ ሆነ» ሲባል የሚደነግጠው በከንቱ አይደለም። ስለ ቮሊቦል መረብ መወሰን ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ይህን ድንጋጤ አላየውም ማለት ነው። ልጅቷ ደብተሩን ስትገልጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለሦስት መምህራን!

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪ አመራር እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። እኛን የገረመን የገንዘቡ አሠራር ነው። በሕጋቸው የተማሪ ማኅበር ገንዘብ ወጪ እንዲሆን ሦስት ሰዎች ማጽደቅ አለባቸው፤ የትምህርት ቦርዱ የወከለው ሠራተኛ፣ የማኅበሩ አማካሪ መምህርና የተማሪዎቹ ተወካይ። ሁለቱ ተስማምተው ተማሪው እምቢ ካለ ገንዘቡ አይወጣም። የእኛ ሁለት ኳሶች እዚያ ቢሆን ኖሮ ሱቅ ውስጥ በቀሩ ነበር።

«ልጆች ናቸው፣ ገንዘብ እጃቸው ላይ ይጠፋል» ያለ ባልደረባ አለን። ሥጋቱ ይገባናል፤ ድጋፍ የሚሰጡን ሰዎች ደረሰኝ ይጠይቁናል። ግን የእነዚሁ ልጆች እናቶች ካምፑ ውስጥ እቁብ ይጥላሉ። ዳኛ አላቸው፣ ጸሐፊ አላቸው፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ይጠራል። መጻፍ ለማይችሉት እናቶች መዝገቡን የሚጽፉላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው። ቅዳሜ የእናቷን እቁብ የምትመዘግብ ልጅ ሰኞ ክፍል ስትገባ ስለ ታማኝነት ትርጉም እናስገለብጣታለን።

ሻዩን ጠጥተን ኳሶቹን ልንመልስ ሄድን፤ ባለሱቁ አልቀበልም አለ። ተማሪዋ ዝም ብላ ደብተሯን ከፈተችና «ሁለት ኳስ ያለ ክፍሉ ውሳኔ ተገዝቷል» ብላ ጻፈች፤ ዋጋውንም አሰፈረች። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኛ ዘረጋች። ሦስታችንም ፈረምን። የቀረው 7,000 ፍራንክ አሁን በክፍሉ ገንዘብ ያዥ እጅ ነው፤ መረቡ ይበቃው እንደሆነ ረቡዕ ይነጋገራሉ። እኛ ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን።